ዞሮ አልተነሳም ወይስ ጭራሽ አልዞረም?

ተማሪዎቼ የነበራችሁ ታስታውሱ እንደሆነ እንጃ፤ ትምህርቱ መተማ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ከኋላ ወንበር አንድ እጅ ይወጣ ነበር። «ቲቸር፣ እያሸነፉ ከነበረ ለምን ተመለሱ?» እኔም «ንጉሡ ስለሞቱ» እላለሁ፤ ጠመኔዬን አንስቼ ወደ ዐፄ ምኒልክ እሻገራለሁ። ዓመት በዓመት እንደዚሁ። ልጁ ቢቀመጥም ጥያቄው እንደቆመ ነበር። ይሄ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ እዚያው መተማ ቆላ ውስጥ፣ አልነሳም ያለ አሮጌ ፒክአፕ ሥር ተንበርክኬ ነው። ነገሩ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጥቅምት ነው። የእህቴ ባል ከገንዳ ውኃ ወጣ ብሎ ሰሊጥ ያርሳል። «አንተ መተማን ከመጽሐፍ ውጪ የት ታውቃታለህ፣ መጥተህ እያት» ብሎ ለአጨዳው ይዞኝ ወረደ። ጥቅምት እዚያ አገር የሰሊጥ ወር ነው፤ የወባም ወር ነው። ዝናቡ አቁሞ ውኃው በየጉድጓዱ የተኛበት፣ ከደጋው የወረደው የቀን ሠራተኛ ሜዳ ላይ የሚያድርበት ጊዜ። በሦስተኛው ቀን ከሠራተኞቹ አንዱን፣ ገና ጢም ያላበቀለ የደጋ ልጅ፣ ወባ ጣለው። በዚያ ሙቀት ጋቢ ደራርቦ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ከሰዓት በኋላ ማስታወክ ጀመረ፤ አመሻሹ ላይ ሲጠሩት መልስ መስጠት ተወ። ፒክአፑ ላይ ከሰሊጡ ኩንታል ጎን አጋደምነውና የእህቴ ባል ቁልፉን አዞረ።

«ቀጭ።»

ሌላ ድምፅ የለም። ደግሞ አዞረ። «ቀጭ።»

ስልክ አይሠራም፤ ሌላ መኪና የለም፤ ጀምበር ወርዳለች። ከጎረቤት እርሻ ትራክተር የሚጠግን ልጅ አለ ተባለና አንዱ ሮጦ ጠራው። ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው። ካቻቢቴና ፒንሳ በጆንያ ቋጥሮ መጣ። እኔ ደግሞ የታሪክ መምህር ነኝና ስለማላውቀው ነገር ምክንያት መደርደር ጀመርኩ።

«ባትሪው ሞቷል» አልኩ። ልጁ ምንም ሳይመልስ ክላክሱን ተጫነው፤ ቆላው በሙሉ ሰማ። ከዚያ የፊት መብራቱን አበራና «ጋሼ፣ መብራቱን እያዩልኝ» አለኝ። ቁልፉን አዞረ። ቀጭ። መብራቱ ቅንጣት አልፈዘዘም። «ባትሪው ደክሞ ቢሆን ክላክሱ ይታነቅ ነበር፤ መብራቱም ቁልፍ ስናዞር ድርግም ይል ነበር። ኃይል አለ፤ የሚሄድበት ቦታ ነው የጠፋው።»

«ካንዴላዎቹ አልሞቁ ይሆናል» አልኩ። እኔ ያደግሁት ደጋ ነው፤ ብርድ ባለበት የናፍታ መኪና ካንዴላው እስኪሞቅ ይጠበቃል። ሳቀ። «ጋሼ፣ እዚህ አገር ሞተሩ ሳይነሳም ይሞቃል።»

«እንግዲያው ናፍታው ነው፤ አየር ገብቶበታል» አልኩ። ይሄኔ ቀና ብሎ አየኝና እስከ ዛሬ የማልረሳውን ነገረኝ። «መጀመሪያ አንድ ነገር ይለያል። ሞተሩ ዞሮ ነው ያልተነሳው ወይስ ጭራሽ አልዞረም? ዞሮ ካልተነሳ ናፍታ፣ ማጣሪያ፣ አየር፣ ፖምፓ ይታያል። ጭራሽ ካልዞረ ናፍታን ምን አደረገ ብለው ይጠይቁታል? ባትሪ፣ ገመድ፣ ሞተሪኖ ነው። ሁለቱን የሚያደባልቅ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ደህናውን ዕቃ ሲፈታ ያድራል።»

ሠላሳ ዓመት ያህል «የምክንያትና ውጤት ትንተና» እያልኩ ያስተማርኩት ይሄንን ነበር። እንዲህ አጥርቼ ብያቸው ግን አላውቅም።

ገፍተን እናስነሳው አልን። ኩንታሉን አወረድን፤ ስድስት ሰው ገፋ። መሬቱ ዋልካ ነው፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ ገና ጭቃ። ጎማው ራሱን ቀበረ እንጂ አልሄደም። ልጁ ሞተሪኖውን በቁልፍ መታ መታ አድርጎ ሞከረ፤ አንዳንዴ ይሠራል፣ ያን ቀን እምቢ አለ። «ይወርዳል» አለ። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈታ፤ ከዚያ ባትሪ መብራት አስይዞኝ መኪናው ሥር ገባ።

ሥራው ጊዜ ስለሚወስድ አወራን። «ጋሼ፣ ሞተሪኖ የሱዳን ቃል ነው?» አለኝ። አይ፣ የጣሊያን ነው፤ ትንሽ ሞተር ማለት ነው አልኩት። ካቻቢቴም የጣሊያን ነው፣ ፒንሳም። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ቴስታታ፣ ቺንጋ፣ ናፍታ፣ ጎሚስታ፤ ሁሉም ከ1928 እስከ 1933 ባለው ወረራ ፊያትና ላንቻ መኪኖች በብዛት ሲገቡ አብረው የገቡ ወይም ያኔ የተስፋፉ ቃላት ናቸው። ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ ሄደ፤ ቋንቋው ጋራዥ ውስጥ ቀረ። ትምህርት ቤት ያልገባ ረዳት ሁሉ ሳያውቀው ጣሊያንኛ ይናገራል። ልጁ ተገረመ። እሱ ደግሞ ገዳሪፍ ሠርቶ ያውቃልና የወዲያኛውን ነገረኝ፤ እዚያ ፒክአፕ «ቦክስ» ነው፣ ጎማ «ላስቲክ»፣ መለዋወጫ «እስቢራት»። የመጨረሻው እንግሊዝ ሱዳንን ሲገዛ የተወው ቃል ነው። ጋላባትና መተማን የሚለያቸው አንድ የደረቀ ወንዝ ነው፤ ወንዙ ግን ሁለት የመኪና ቋንቋም ይለያል። በ1933 እነዚህ ሁለት ቋንቋዎች እዚያው ወንዝ ላይ ተዋግተዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣሊያን ሰኔ 27 ቀን 1932 ወንዙን ተሻግሮ ጋላባትን ከእንግሊዝ ነጠቀ። እንግሊዞች ለማስመለስ ጥቅምት 27 ቀን 1933 ጎህ ሲቀድ አጠቁ። አዛዡ ብርጋዴር ዊሊያም ስሊም ነው፤ ኋላ በበርማ ጃፓንን ያሸነፈውና ፊልድ ማርሻል የሆነው። የያዘው 10ኛው የሕንድ ብርጌድ ሲሆን፣ ትልቁ ተስፋው አሥራ ሁለት ታንኮች ነበሩ። ጋላባት ጠዋቱን ተያዘች። ቀጥሎ መተማ ነበረች፤ በወፍራም የሽቦ አጥር ተከባለች፣ ሽቦውን ጥሶ ለእግረኛው መንገድ የሚከፍተው ታንኩ ነው። ታንኮቹ ግን የሉም። አንዳንዱን ፈንጂ፣ ብዙውን የዚያ አገር ድንጋይ ሰንሰለቱን በጥሶበት አብዛኞቹ በየሣሩ ውስጥ ቆመዋል።

የተበጠሰ ሰንሰለት ይጠገናል። መካኒኮችም መለዋወጫም ነበሩ። ሁሉም መለዋወጫ ግን አንድ የጭነት መኪና ላይ ነበር፤ ያችን መኪና የጣሊያን አውሮፕላን ደብድቦ አነደዳት። በቃ። ከዚያ በኋላ አውሮፕላኖቹ ጋላባት ጉብታ ላይ የነበረውን ወታደር ደበደቡት፤ ድንጋይ ነውና ምሽግ አይቆፈርበትም። ስሊም ሠራዊቱን መለሰ። በ1959 በፈረንጆች አቆጣጠር ባሳተመው ትዝታው ራሱን አይምርም፤ የመተማ ጣሊያኖች ለመልቀቅ ተቃርበው እንደነበር ኋላ እንደሰማና ከሁለት መንገድ ደፋሩን አለመምረጡን ይናዘዛል።

የልጁን ጥያቄ ስሊም ላይ ብናነሳውስ? የስሊም ሞተር ዞሯል፤ ጋላባትን ይዟል። ዞሮ ነው ያልተነሳው። ሰውም፣ መድፍም፣ ዕቅድም ነበረው። የጎደለው አንድ ሎሪ ላይ የተጫነው ዕቃ ነው። አሥራ ሁለት ታንክ በአንዲት ሎሪ በኩል ያልፍ ነበር፤ ሎሪዋ ስትነድ አሥራ ሁለቱም ብረት ሆኑ።

ይህን እያወራሁ ልጁ ሞተሪኖውን አወረደ። ጆንያው ላይ አስቀምጦ የኋላ ክዳኑን ሦስት ብሎን ፈታ። «እዩት» አለኝ። ውስጡ ከጥፍር ብዙ የማይበልጡ ሁለት የመዳብ ቁራጮች አሉ። ቁልፍ ሲዞር አንድ የመዳብ ሳህን ገፍቶ ይመጣና ሁለቱን ያገናኛቸዋል፤ የባትሪው ኃይል በሙሉ በእነሱ በኩል አልፎ ሞተሪኖውን ያዞራል። ባስነሳን ቁጥር ግን ብልጭታ ትወጣለች፤ ብልጭታዋ መዳቡን ትበላለች። ከብዙ ሺህ ጊዜ በኋላ አንዱ ቁራጭ ይሳሳል፣ ሳህኑ ሊደርስበት የወረቀት ውፍረት ያህል ይቀረዋል። «ቀጭ» የሚለው ሳህኑ ሄዶ ሲቆም ነው። መጥቷል፤ ግን አልነካም። ባትሪው ደህና፣ ሞተሩ ደህና፣ ናፍታው ሙሉ። ሁሉም ነገር በአንድ ነጥብ ማለፍ ነበረበት፤ ነጥቡ ተበላ።

ዝም አልኩ። ያ ከኋላ ወንበር የሚወጣው እጅ ነበር የታየኝ።

ዐፄ ዮሐንስ ወደ መተማ የወረዱት፣ ባለፈው ዓመት፣ በ1880፣ የመሐዲስቱ ጦር ጎንደር ድረስ ዘልቆ አብያተ ክርስቲያናቱን ካቃጠለ በኋላ ነው። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ሠራዊታቸው የጠላትን አጥር ጥሶ ውስጥ ገብቶ ነበር። የዘኪ ቱማል ጦር እየተሰበረ ነበር። ያኔ ንጉሡ በጥይት ተመቱ፤ ወሬው ተሰማ፤ ያ ሁሉ ሠራዊት እያሸነፈ ተመለሰ። በማግሥቱ አረፉ። አስከሬናቸው እንኳ ተማረከ፤ ራሳቸው ተቆርጦ ኦምዱርማን ተላከ። ያ ትምህርት ቤት የምናልፈው አንድ መስመር ይሄ ነው።

ለምን ተመለሱ? ጀግና ጠፍቶ አይደለም፤ ባትሪው ሙሉ ነበር። መሣሪያም ነበር፣ ናፍታውም አለ። ግን የትግራዩ ጦር ከወሎውና ከበጌምድሩ የሚገናኘው በአንድ ሰው በኩል ነው። እያንዳንዱ መኳንንት የራሱን ሰው ይዞ መጥቷል፤ እርስ በርስ የሚያስራቸው ለንጉሡ ያላቸው ታማኝነት ነው። ንጉሡ ሲወድቁ መኳንንቱ ደህና ነበር፣ ወታደሩም ደህና ነበር፤ ሁለቱ ግን መነካካት አቃታቸው። እያንዳንዱ ስለ አገሩና ስለ ቀጣዩ ዙፋን ማሰብ ጀመረ። ያ መንግሥት እንዲህ የተሠራ ነበር። «ንጉሡ ስለሞቱ» የሚለው መልሴ ውሸት አልነበረም። መኪናው ለምን አልተነሳም ቢሉኝ «ቀጭ ስላለ» እንደማለት ያለ መልስ ነው እንጂ።

ልጁ መለዋወጫ የለውም። አዲሱ ቁራጭ ጎንደር ይገኛል፤ ጎንደር ከመተማ ዮሐንስ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እሱም በመኪና። ልጁ ከጆንያው አንድ አሮጌ የወፍራም ገመድ ጫፍ አወጣ፤ ጫፉ መዳብ ነው። ድንጋይ ላይ አስቀምጦ በመዶሻ ቀጠቀጠው፤ እንደ ሳንቲም ሳሳ። በፒንሳ ቆረጠው፣ ብሎኑ የሚያልፍበትን በሳ፣ ከተበላው ቁራጭ ሥር አነጠፈውና ቁራጩን ከፍ አደረገው። ያ ብቻ ነው። ያችን የወረቀት ውፍረት ከሥር ሞላት።

ድሮ ቢሆን ይሄ ሁሉ ጣጣ አልነበረም። የድሮ ሎሪዎች ከፊት ማኖቬላ ነበራቸው፤ ረዳቱ በክንዱ አዙሮ ያስነሳቸዋል። ማኖቬላው ሲመልስ የስንቱን ክንድ ሰብሯል። በፈረንጆች 1912 ካዲላክ መኪና ላይ ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው የኤሌክትሪክ ሞተሪኖ ሲገጠም የክንዱ ድካም ቀረ። የሰው ጡንቻ ከሥራው ሲወጣ ግን ሁሉም ነገር በሁለት መዳብ እንዲያልፍ ሆነ። ምቾት ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ብዙ መንገዶችን ዘግቶ አንዱን ያሰፋል።

ለፒክአፑ ደግሞ ፍርድ መስጠት አለብኝ፤ ጥፋቱ ያንን ያህል አይደለም። ይሄ ሰባዎቹ የሚባለው የቶዮታ ላንድክሩዘር ዓይነት ነው፤ በፈረንጆች ከ1984 ጀምሮ የሚሠራ፣ የእኛው ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር የናፍታ ሞተር የጫነ። ኮምፒዩተር የለበትም፤ ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ ነው። ከሱዳን ወዲያ ቻድ በ1987 የሊቢያን ታንኮች በቶዮታ ፒክአፕ ስላሸነፈች ጦርነቱ በቶዮታ ስም ተጠርቷል። ታንኩን የረታው ጉልበቱ አይመስለኝም፤ ጥላ ሥር፣ ጆንያ ላይ፣ በካቻቢቴ የሚፈታ መሆኑ ነው። ስሊም አጥቶት የነበረው ነገር ይሄ ነው።

ሞተሪኖው ተመልሶ ታሰረ። የእህቴ ባል «በስመ አብ» ብሎ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ዞረ። ዞረ... ተነሳ። ጥቁር ጭስ ተፋ። ማንም አልጮኸም፤ ሁላችንም ዘለን ጫንነው።

ገንዳ ውኃ እስክንደርስ የበሽተኛውን ራስ ጭኔ ላይ ይዤ ነበርና ስለ መንገዱ ብዙ አሰብኩ። ያ ወደ ጎንደር የሚወጣው መንገድ፣ ጣሊያን ጥር 23 ለ24 ቀን 1933 ሌሊት መተማን ለቆ ሲያፈገፍግ በፈንጂ የተዘራ ነበር። ፈንጂውን እየለቀመ ከፊት የመራው የ22 ዓመት ሕንዳዊ መኮንን ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት ነው። በአራት ቀን 55 ማይል፣ ማለትም 88 ኪሎ ሜትር ያህል፣ አሥራ አምስት የፈንጂ ሜዳ አጸዳ። የተቀመጠበት ተሽከርካሪ ሁለት ጊዜ ፈነዳ፤ ሌላ ጊዜ ደፈጣ ገጠመው፤ አንድ የጆሮ ታምቡሩ ተቀዶ ቀጠለ። ትልቁን የእንግሊዝ ሜዳሊያ፣ ቪክቶሪያ ክሮስን አገኘ። ጎንደር ራሷ ግን እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 ድረስ አልተለቀቀችም። ባጋት ለእኔ ከስሊም የሚለየው በዚህ ነው፤ የሱ መንገድ አንዴ ሲሰበር በሌላ ተሽከርካሪ ተሳፍሮ ሄደ። የሚተካ ነበረው።

ጤና ጣቢያ ደረስን። ደሙ ታየ፤ ወባው ከባዱ ዓይነት ነው። መርፌ ተወጋ፣ ግሉኮስ ተሰቀለለት። ባለሙያዋ «ነገ ጠዋት ብትሉ ኖሮ...» ብላ ሳትጨርሰው ተወችው። ጠዋት ዓይኑን ገልጦ የመጀመሪያ ጥያቄው የአጨዳ ሒሳቡ ነበር፤ የቀረበት ቀን ይቆረጥበት እንደሆን ፈርቶ። የእህቴ ባል አልቆረጠበትም። ይህን ስሙን ሳልጠቅስ ለምስጋናው አስቀመጥኩት።

በዚያ ልጅና በሞት መካከል አንድ በድንጋይ ላይ የተቀጠቀጠ መዳብ ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ አንድ መኪና፣ አንድ መካኒክ፣ አንድ መንገድ። ከደጋው ወደ ሰሊጡ የሚወርዱ ልጆች ሕይወት ዛሬም የሚያልፈው በእንዲህ ያሉ ነጠላ ነጥቦች ነው። ሱዳን ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ ስትነድ ደግሞ ስንቱ ቤተሰብ ከካርቱም ሸሽቶ በዚያችው በመተማ መግቢያ ገባ፤ አንዲት ኬላ የስንት ሰው መዳኛ ሆነች። ታሪክ ስናስተምር የነገሥታቱን ስም እንይዛለን። ነጥቡ የት እንደሆነ፣ ማን እንደሚጠግነው፣ የሚተካ እንዳለ ግን አንጠይቅም።

ቆላ እርሻ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ አንድ ነገር ልለምን። የሞተሪኖ መዳብ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ገዝታችሁ መኪናችሁ ውስጥ አስቀምጡ። አጎበርና የወባ መድኃኒት ካምፑ ውስጥ ይኑር። ከሠራተኛው አንዱ ማንቀጥቀጥ ሲጀምረው «እስከ ነገ እንየው» አትበሉ፤ መኪናው ነገ እንደሚነሳ ማን አወቀ?

አንተ ደግሞ ከኋላ ወንበር እጅህን ታወጣ የነበርከው፣ ይህን የምታነብ ከሆነ፦ ጥያቄህ ትክክል ነበር። ሞተሩ ዞሮ ነበር። ያልተነሳው ያ ሁሉ ኃይል በአንድ ሰው በኩል እንዲያልፍ ሆኖ ስለተሠራ ነው። መልሱ ዘገየብህ፤ ይቅርታ። የነገረኝ ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ያቋረጠ ልጅ ነው፤ ምስጋናውን ለሱ አድርሰው።